ሁለቱ ደኅና፣ መገናኛው ጎደሎ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። በኮምፒዩተር ሥራ ላይ ግን በሽታው ራሱ የሚደበቅበት ጊዜ አለ። እኛ የሒሳብ ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ሽንዲ በሄድንበት ወቅት የገጠመንን፣ ለተከታዮቻችን ይጠቅማል በማለት እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ለተማሪዎች ያዘጋጀነው መልመጃ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸው ጥንድ እኩልዮሾች ነበር። ልጆቹ እንዳይኮራረጁ በየዴስኩ ቁጥሩን ለዋወጥነው። ታዲያ የመልሱ ዓይነት በዛ። አንዱ መልስ ከተሳሳተ በትክክል የሠራ ልጅ ኤክስ ሊደረግበት ነው! ስለዚህ ጥያቄውን በኢማክስ እየጻፍን ስሌቱን እዚያው ሆነን ለኦክታቭ ለማስተላለፍ አሰብን። ኢማክስ የግዕዝ ፊደል የሚያውቅ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ኦክታቭ ደግሞ የሒሳብ ፕሮግራም ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በፈጣን የግምት ስሌት ይታወቁ ከነበሩት የኬሚካል ምሕንድስና መምህር ከኦክታቭ ሌቨንስፒል ነው። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ኦክታቭን ከኢማክስ ውስጥ ስንጠራው «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» የሚል መልስ መጣ። ከመካከላችን አንዱ «ሁለቱንም አጥፍተን እንደገና እንጫናቸው» አለ። ሐሳቡ የተለመደ ነው። ግን ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል የጠፋ ፕሮግራም ከየት ይመጣል? ፍላሽ ይዞ ቡሬ ድረስ መሄድ ሊሆን ነው።

የተማሪን ስሌት ስናርም ከመጨረሻው መልስ ተነሥተን ሁሉንም አንሰርዝም፤ የሳተበትን መስመር እንፈልጋለን። እዚህም እንደዚሁ አደረግን። ኢማክስን ለብቻው ሞከርነው፤ ይጽፋል። ኦክታቭን ለብቻው ከፍተን 2+2 ብንለው 4 አለ። እንግዲያው ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ የጎደለው በመካከላቸው ነው ማለት ነው። ኢማክስ ሌላ ፕሮግራም ሲጠራ የሚፈልገው በተሰጠው የፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው። የኦክታቭ ፎልደር ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የኦክታቭን ሙሉ አድራሻ በኢማክስ ማስተካከያ ፋይል ላይ በአንድ መስመር ጻፍንለት፤ ተገናኙ።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። 2 ኤክስ + ዋይ = 7 እና ኤክስ − ዋይ = 2 የሚለውን ጥንድ ስናስተላልፍ ኦክታቭ «የማላውቀው ምልክት አለ» አለን። ቁጥሮቹ ልክ፣ ቅንፉ ልክ! ምን ይሻላል? ኢማክስ ጠቋሚው ያረፈበትን ምልክት ቁጥር የሚናገርበት ትእዛዝ አለው፤ ኮንትሮል ከኤክስ ጋር፣ ቀጥሎ የእኩል ምልክት። በዚያ ብንጠይቀው ኦክታቭ የሚያውቀው ኮማ ቁጥሩ 44 ሲሆን፣ በእኛ መስመር ላይ ያለው 4963 ሆኖ ተገኘ። ይህ የግዕዝ ነጠላ ሰረዝ ነው! ቁልፉ ወደ አማርኛ ሲዞር ኮማውን ወደ «፣»፣ ሰሚኮለኑን ወደ «፤» ይለውጠዋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለነዚህም የራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ለሰው ዓይን ሥራቸው ይመሳሰላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሌላ ናቸው። የስሌቱን መስመር ቁልፉን ወደ እንግሊዝኛ መልሰን [2, 1; 1, -1] ብለን ስንጽፍ ኤክስ 3፣ ዋይ 1 ሆነው ወጡ። በእጃችንም ተክተን አረጋገጥን።

ውድ ጓደኞቻችን! ሁለት ነገሮች አልገናኝ ሲሏችሁ መጀመሪያ እያንዳንዱን ለየብቻ ፈትኑ። የስሕተት መልእክቱን ሳታነቡ አትዝለሉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ለውጣችሁ ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው አታውቁምና። ያዳነውንም በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ለጥፉ። እኛ ለጥፈን መጥተናል፤ ቀጥሎ ሽንዲ የሚመደብ ሠልጣኝ ያገኘዋል። ልጁም በሠራው ልክ ማርኩን ያገኛል።