ከሐውልቱ ደን የተማርሁት

በቻይና አገር ሺአን በምትባለው ጥንታዊት ከተማ «ቤይሊን» የሚሉት ቤተ መዘክር አለ፤ ትርጓሜውም የሐውልት ደን ማለት ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ837 ዓ.ም. ተቀርጸው የተፈጸሙት፥ 12 የጥንት መጻሕፍትን የያዙት 114 ድንጋዮች በዚያ ቆመዋል። ክርስትና በ635 ዓ.ም. ወደዚያ አገር መግባቱን የሚመሰክረው፥ በ781 ዓ.ም. የቆመው ሐውልትም በዚያው ይገኛል፤ በላዩም ከቻይናው ጋራ የሱርስት ጽሕፈት አለበት።

እኔም በዚያ ስመላለስ 10 ያህል ፊደሎችን በቃሌ ለመያዝ ሞከርሁ፤ ነገር ግን ማታ ያጠናሁት ሁሉ ጧት ጠፋብኝ። ይህን ያየ አንድ አረጋዊ የአገሩ መምህር በአስተርጓሚ፥ «የዛፍ ምልክት ሁለት ሲሆን ደን ይሆናል፤ ሰው በዛፍ አጠገብ ሲሆን ዕረፍት ይባላል» ሲል አስረዳኝ። ከዚያ ወዲያ እነዚህን አልረሳኋቸውም። ቀጥሎም በ4 ፊደል ብቻ የሚጻፍ ምሳሌያዊ አነጋገር አስተማረኝ፤ «የውኃ ጠብታ ድንጋይ ይበሳል» ማለት ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የእኛ ተረት ትዝ ስላለኝ፥ ይህም ወዲያው በልቤ ተቀረጸ።

በዚያን ጊዜ ፊደል ስለ ጠፋባቸው የተቈጣኋቸው ሕፃናት ትዝ አሉኝና አፈርሁ። ቍጣን እንጂ ማስታወሻን አልሰጠኋቸውም ነበርና።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ፊደል ጠፋብኝ ቢላችሁ አትቈጡት። «በ»ን ስታስጠኑት የቤታችሁን በር አሳዩት፤ መልኩም ስሙም አብሮ ይታወሰዋል።