አንድ ጆሮ ለዘፈን፣ አንድ ጆሮ ለማሳ

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳር–ጎንደር አስፋልት ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ መምህር በአንዲት ጠባብ የሞባይል ዕቃ ሱቅ ፊት ቆሟል። እጁ ላይ ሦስት የጆሮ ማዳመጫዎች አሉ። ሻጩ ልጅ አንዱን እየጠቆመ «መምህር፣ ይኼኛውን ይውሰዱ፤ ቤዙ ጭንቅላት ይነቀንቃል» ይለዋል። መምህሩ ግን ጭንቅላት የሚነቀንቅ ነገር አይደለም የሚፈልገው። የሚገዛው ለአባቱ ነው። አባቱ ደግሞ ፎገራ ሜዳ ላይ ማማ ወጥተው የሩዝ ማሳቸውን ከወፍ የሚጠብቁ ገበሬ ናቸው።

አንዳንዱ አንባቢ «አገር በዚህ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ እያለ ስለ ኢርፎን ይወራል?» ሊል ይችላል። ይወራል። የአገር ጉዳይ አንዳንዴ ከመንገድ ዳር ሱቅ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በ2015 ክረምት ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም አብሮ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። ዘፈን በስልኩ ከፍቶ መስማት የለመደው ሁሉ ወደ ሚሞሪ ካርድ ተመለሰ። በካሴት ዘመን ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ የሚወደውን ያስቀዳ እንደነበረ ሁሉ፣ አሁንም ካርዱን ይዞ ሄዶ ያስጭናል። መምህሩም ለአባቱ ቁልፍ ያላት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ገዛና ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ ቀረርቶውን አስጭኖ ሰጣቸው።

ማማ ላይ ያልዋለ ሰው የዚህች ማጫወቻ ዋጋ አይገባውም። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ሲገባም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ለሌላ እህል አስቸጋሪ ቢሆንም ለሩዝ ተስማማው። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ነገር ግን ዛላው መብሰል ሲጀምር ወፍ ይወርድበታል። ያኔ አንድ ሰው ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ መዋል አለበት። ቀኑ ረጅም ነው፤ ብቸኝነቱ ደግሞ ከቀኑ ይረዝማል።

ከማጫወቻዋ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣው ማዳመጫ የጎማ ጫፍ ያለው፣ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚወተፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ ላብና አቧራ ተጨምሮበት የሽማግሌው ጆሮ መቁሰል ጀመረ። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። ከማዶ ማሳ ጎረቤታቸው «የመንገዱ ነገር ደኅና አይደለም፣ ይውረዱ!» እያለ ሲጣራ አልሰሙም። ጎረቤትየው እየሮጠ መጥቶ እግራቸውን ሲነካቸው ነው የደነገጡት። ያን ቀን ምንም አልደረሰም። ማታ ግን ማዳመጫውን ጠቅልለው ለልጃቸው መለሱለት።

«ልጄ፣ ዘፈኑስ ደግ ነው። ይኼ ውታፍ ግን አደነቆረኝ። በዚህ ዘመን ደግሞ ያልሰማ ሰው…» አሉና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

መምህሩ ሱቁ ፊት የቆመው ይህንን ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ይዞ ነው።

እጁ ላይ ያሉት ሦስቱ ዕቃዎች ሦስት የተለያዩ አሳቦች ናቸው። የመጀመሪያው ያው የሚወተፈው ነው። የውጭውን ድምፅ ስለሚዘጋ ጫጫታ ባለበት አውቶቡስ ውስጥ ድምፁን ሳይጨምሩ ለመስማት ይጠቅማል። ማሳ ላይ ግን መዝጋቱ ራሱ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ትልቁ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ለስላሳም ነው። ነገር ግን በፎገራ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በሥሩ ላብ ይፈስሳል፤ ቆዳ መሰሉ ሽፋን ደግሞ ላብ ሲጠግብ ይላጣል። ሦስተኛው ቀጭን ቅስት ያለው፣ ጆሮ ላይ ብቻ የሚያርፍ፣ ስፖንጅ የለበሰ ነው። መልኩ ድሮ የቀረ ያስመስለዋል። አይወጋም፣ አይከብድም፣ አየር ያስገባል፤ የሰው ድምፅም ያስገባል። አንድ ጉድለት አለበት፤ ዘፈኑ ወደ ውጭ ይሾልካል። አውቶቡስ ውስጥ ከጎን የተቀመጠውን ሰው ያስቀይማል። ማማ ላይ ግን ከወፎቹ በቀር የሚቀየም የለም።

ይህ ስፖንጅ ታሪክም አለው። ሶኒ ዎክማንን በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ ሲያቀርብ አብሮት የነበረው እንዲህ ያለ ቀላል የስፖንጅ ማዳመጫ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ዎክማን ላይ ሁለት የማዳመጫ መሰኪያና አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍ ነበሩ። ቁልፏ ስትጫን ሙዚቃው ዝቅ ይልና የአጠገብ ሰው ድምፅ በማይክሮፎን ይገባል። ሠሪዎቹ ጆሮውን የሸፈነ ሰው ከጎረቤቱ እንዳይቆረጥ ከመነሻው አስበውበት ነበር ማለት ነው። አሁን ገበያው የሚያሞግሰው ግን ዓለምን ጭራሽ የሚዘጋውን ነው።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ሻጩ ማዳመጫውን በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዘፈን ሊያስሞክረው ፈለገ። መምህሩ አልተቀበለም፤ የአባቱን ማጫወቻ ከኪሱ አውጥቶ ሰካበት። ትክክል ነበር። ዕቃ መሞከር ያለበት በሚሠራበት ሥራ ነው። ሻጩ ያሞገሰው «ቤዝ» ያለው ማዳመጫ ማሲንቆውን ዋጠው። የማሲንቆ ክርና የዘፋኝ ድምፅ የሚኖሩት በመካከለኛው ድምፅ ላይ ነው፤ ታችኛው ጉርምርምታ ሲበዛ ቃሉ ይደበዝዛል። ግጥሙን ለመስማት ለሚያደምጥ ሰው ቃሉ ከጠፋ ምን ቀረ? ስፖንጁ ላይ ጉርምርምታው ቀነሰ፣ ቃሉ ግን ጠራ። ሌላም ነገር አለ፦ ትንሽ ማጫወቻ ጉልበቷ ትንሽ ነው። ካርቶኑ ላይ 16 ወይም 32 ኦም የሚል ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማታል፤ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ካለ ድምፁ ሊያንስ ይችላል።

የጆሮ ጤናም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ከአደጋ ይጠበቃል። ድምፁ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን ያ 40 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ገበሬ ዴሲቤል የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ቀላሉ መለኪያ ሰው ነው፤ በአንድ ክንድ ርቀት የቆመ ሰው በተለመደ ድምፁ ሲናገር ካልተሰማ፣ ዘፈኑ በዝቷል። እዚህ ላይ ስፖንጁም ከወቀሳ አያመልጥም። የውጭውን ስለማይዘጋ፣ ባጃጅ ውስጥ ወይም ወፍጮ ቤት አጠገብ ሰው ድምፁን ያለ ልክ እንዲጨምር ይገፋፋዋል። ጸጥ ላለ ማሳ የተመረጠ ዕቃ ለጫጫታ አይሆንም።

ብሉቱዝስ? ሻጩ እሱንም አሳየው። ክር የለውም፣ ያምራል። ግን ቻርጅ ይፈልጋል። መብራት አንዴ መጥቶ አንዴ በሚሄድበት ቤት ሁለተኛ ቻርጅ የሚጠይቅ ዕቃ ሁለተኛ ጭንቀት ነው። ማጫወቻዋ መሰኪያ አላት፤ ክሩ ይበቃል።

ቀጥሎ ዋጋ መጣ። ሐምሌ 22/2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረታ መስኮት ላይ የተንጠለጠለችው ክር ከባሕር ማዶ ስለመጣች ይህ ስሌት እሷም ዘንድ ደርሷል። የሚወተፈው 150 ብር ተባለ፣ ስፖንጁ 450። «ይኼ እኮ ሦስት እጥፍ ነው!» ሲል መምህሩ ተከራከረ። ግን የ150 ብሩን ያውቀዋል፤ በወሩ ክሩ ከመሰኪያው አንገት ላይ ይበጠስና አንዱ ጆሮ ይሞታል። ሦስት ጊዜ ከተገዛ 450 ሆነ፤ ያውም ሦስት ወር ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ ዋጋውን ትቶ አንገቱን መረመረ። ክሩ ወደ መሰኪያው የሚገባበት ቦታ ወፍራምና ተጣጣፊ ጎማ አለው ወይ? ስፖንጁ ሲያልቅ ተነጥሎ ይቀየራል ወይ? ሁለቱም አዎ ሆነ። ተከራክሮ 400 ብር ከፈለ።

ርካሽ ማለት በቀን ስንት እንደሚያስወጣ የሚታይ ነገር ነው። ይህንን ድሃ ከሀብታም ይበልጥ ያውቀዋል፤ ችግሩ፣ ማወቁ 450 ብሩን በአንዴ ኪሱ ውስጥ አይከትለትም። ስለዚህ እያወቀ ውዱን ርካሽ ይገዛል።

ሌላም ልማድ አለን። ለከተማ ሰው ዕቃ ስንገዛ «ይመቻል ወይ?» እንላለን። ለገበሬ ስንገዛ ግን «ይሥራ እንጂ» ብለን እናልፋለን። ምቾት ለእሱ ቅንጦት የሆነ ይመስል። አሥራ ሁለት ሰዓት ማማ ላይ የሚውል ሰው ጆሮ ግን ከማንም ጆሮ ይልቅ ምቾት ይሻል። አገሩን በሩዝ የሚያጠግብ ሰው የሚወጋ ዕቃ የሚገባው በምን ሒሳብ ነው?

ልጁ በማግሥቱ ወደ ማሳው ወረደ። አባትየው ስፖንጁን አገላብጠው አዩት፤ «ቀሎኛል» አሉ። ከዚያ አንዱን ወገን ጆሯቸው ላይ አሳርፈው ሌላውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። አንደኛው ጆሮ ለማሲንቆው፣ አንደኛው ለማሳውና ለመንገዱ።

«ሁለቱንም ያድርጉት እንጂ አባዬ፤ የዘፈኑ ግማሽ እኮ ያለው በዚያኛው ነው» አለ ልጁ።

ሽማግሌው ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ ትንሽ አዳመጡ።

«ግማሹ ይቆየኝ» አሉ። «አገር ሰላም ሲሆን እሰማዋለሁ።»