ክዳኑ ሲነሣ

እናቴ ወጥ ስትሠራ ከምድጃው አትርቅም ነበር። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲበስል፣ ቅቤው ጠብ ሲል እርሷ ከዚያው ናት፤ ማማሰያው ከእጇ አይለይም። ስለዚህ ሜሪላንድ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር በጀመረች ሰሞን፣ ያለ እሳትና ያለ ማማሰያ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ማሰሮዬን ስታይ ፊቷን ማጨፍገጓ አልገረመኝም።

«ይኼ ያበስላል ወይስ ያሞቃል?» አለችኝ።

ፈረንጆቹ «ስሎው ኩከር» የሚሉት ይህ ዕቃ መነሻው የእናት ወሬ ነው። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ የቺካጎ ፈልሳፊ፣ እናቱ በቪልና ስላሳለፈችው ልጅነት ስታወራ ይሰማ ነበር። በዚያ ከተማ አይሁድ እናቶች በሰንበት እሳት ስለማይነድ፣ ቾለንት የሚባለውን ወጣቸውን ዓርብ ሳይመሽ ወደ ዳቦ ቤት ይልኩታል፤ ድስቱም በምድጃው ግለት ቀስ እያለ ሲበስል ያድራል። ናክሰን ይህን ሰምቶ ግለቱን በሽቦ የሚሰጥ ማሰሮ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1940ም የፈጠራ መብቱን አገኘ። በ1971 ደግሞ «ክሮክ ፖት» በሚል ስም ገበያ ወጥቶ፣ ውላ ወደ ቤቷ ለምትመለስ ሠራተኛ ሁሉ አለኝታ ሆነ።

ለእኔም እንደዚያው ነበር። ጠዋት ስድስት የፈረንጅ ቃሪያ አናታቸውን እንደ ክዳን ቆርጬ ፍሬያቸውን አወጣለሁ። የተፈጨ ሥጋ፣ በከፊል የበሰለ ሩዝ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም ለውሼ እሞላቸዋለሁ። አስደግፌ አቆማቸውና ከሥራቸው ጥቂት ውኃ ጨምሬ፣ ማሰሮውን በዝቅተኛው ሙቀት አብርቼ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ራቱ ደርሶ ይጠብቀኛል።

አንድ ማታ ግን ስመለስ ቃሪያው እንደ ጥሬ ጠንክሮ፣ የሥጋው መካከል ቀልቶ አገኘሁት። የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይታመንም፤ መለኪያዬ ደግሞ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ለብ ብሎ የዋለ ሥጋ እንደገና ቢበስልም ስለሚያሰጋ፣ ሁሉንም ደፋሁት። እናቴ እህል ሲደፋ ማየት አትወድም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እማዬ፣ ክዳኑን ከፍተሽው ነበር?»

«አዎን።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩም።»

ክዳኑ በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ አምልጦ እንደሚወጣ፣ ማሰሮውም የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅበት ነገርኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ዝም ብላ አደመጠችኝና፣ «ልጄ፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላ በዚህ ቤት ድምፅ የሚያሰማ እርሱ ብቻ ነው» አለች።

የምመልሰው አጣሁ። ድካም ይቀንስልኛል ብዬ የገዛሁት ማሰሮ፣ የእናቴን የቀን ሥራ ወስዶባት ኖሯል። ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ያቀናች ሴት፣ አሁን እንግዳ ሆና የተዘጋ ክዳን ስትጠብቅ ትውላለች።

ቅዳሜ ዕለት ቃሪያውንና ቢላዋውን ከፊቷ አኖርኩ። «ስንግ እንደምትሠሪው አድርጊው» አልኳት። ፈገግ አለች። ከለውሱ ላይ ጥቂት ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ጣል አደረገች። የፈረንጁን ቃሪያ እያገላበጠች «ይኼ እንኳ ዱባ ነው፤ አያቃጥልም» ስትል፣ የእኛም ቃሪያ የትውልድ ምድሩ ይኸው አሜሪካ እንደሆነ፣ ባሕር ተሻግሮ እንደ መጣ ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«እርሱስ ሄዶ ለመደ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቃሪያውን የምትሞላውም፣ ማሰሮውን የምታበራውም እርሷ ሆነች። ክዳኑንም አልከፈተችም። በምትኩ በምሳ ሰዓቴ እየደወለች፣ እንዴት እንደሚንተከተክ ትነግረኝ ነበር።

አገሯ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቃሪያ እሞላለሁ፤ ኮረሪማውንም አልረሳም። ቤቱ ጸጥ ይላል። ታዲያ አንባቢዬ፣ እንደማይገባኝ እያወቅሁ፣ ገና በሁለተኛው ሰዓት ክዳኑን አነሣለሁ።