በዕረፍት ሰዓት ምን እናሰማ?

በዚህ እትም ስለ ሸክላ ልናወጋችሁ ነው። ሸክላ ስንል ጀበናና ድስት የሚሠራበትን አይደለም፤ መርፌ ሲነካው የሚዘፍነውን ነው። «ደግሞ ለዕጩ መምህር ዘፈን ምን ያደርግለታል?» የምትሉ አትጠፉም። ቆዩ፤ ነገሩ ከዘፈን ያለፈ ነው።

ለማስተማር ልምምድ አምስት ሆነን የተመደብነው ሞጆ ነበር። ሞጆን በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ይነጉዳል። ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር ይራገፋል፣ የጉምሩክ ጣጣው ያልቃል፣ ከዚያ ዕቃው ወደየአገሩ ይበተናል። ባሕር የሌለው ወደብ ማለት ይኸው ነው። እኛ የተመደብንበት ትምህርት ቤት ከመንገዱ ብዙም ስለማይርቅ፣ ወረፋ የያዙት የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚከፍቱት ዘፈን እስከ መማሪያ ክፍላችን ይሰማ ነበር። አንዱ የትግርኛ፣ አንዱ የአፋርኛ፣ አንዱ የኦሮምኛ፣ ሌላው የአማርኛ። ሁሉም በየጋቢናው የራሱ ሬድዮ ጣቢያ አዛዥ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ አንድ ማጉያና ግንድ ላይ የታሰሩ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ነበሩት። ርእሰ መምህሩ አንድ ቀን ጠሩንና «እናንተ ወጣቶች ናችሁ፤ ለዕረፍት ሰዓት የሚሆን አሥር ዘፈን ምረጡልን» አሉን። እሺ ብለን ወጣን። ማታ በተከራየናት ክፍል ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ከዚያማ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት! አንዱ «ልጆቹ የሚወዱት አዲሱን ነው፤ እሱን እንክፈትላቸው» አለ። ሁለተኛዋ «ባህላዊ ካልሆነ ትምህርት ቤት ግቢ አይገባም» አለች። ሦስተኛው አባቱ ይወዱት የነበረውን የድሮ ዘፈን አነሣ። አራተኛዋ «ከልጆቹ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ እስቲ ያንን ቁጠሩ» አለች። አምስተኛው ደግሞ «ዕረፍት ነው፤ ዝም ብለን ልጆቹ ይጫወቱበት» አለና ተኛ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሲደርስ የአንድ ጋዜጠኛ ታሪክ ተነሣ። ጆን ፒል ይባላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር በቢቢሲ ሬድዮ 1 ከ1967 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 2004 ድረስ ሸክላ ሲያሰማ የኖረ ነው። ሥራው በአጭሩ ሲነገር፣ ማንም ያልጠየቀውን ዘፈን ማሰማት ነበር። ፓንክ የሚባለው ሻካራና ፈጣን ሙዚቃ ሲመጣ ብዙ ሰው «ይኼ ጩኸት ነው» ብሎ ጆሮውን ያዘ። ፓንክ ማለት፣ ጊታር በወጉ መምታት ያልተማረ ልጅም የሚለው ነገር ካለው መድረክ ላይ ይወጣል የሚል ሙዚቃ ነው። ጆን ፒል በ1978 ዘ አንደርቶንስ የተባሉ የሰሜን አየርላንድ ወጣቶች የላኩትን ዘፈን ሲሰማ በጣም ስለወደደው፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ጊዜ አከታትሎ አሰማው። ከሞተም በኋላ አንድ የእንጨት ሣጥን ተገኘ። ከአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩት ሸክላዎቹ መካከል ለብቻቸው የለያቸው ከ140 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩበት። ፓንክም፣ ሮክም፣ ሶልም አንድ ላይ ታጉረዋል። ታዋቂው ከማይታወቀው አልተለየም።

«ታዲያ የእኛ ሣጥን ቢሆን ምን ይገባበታል?» አለ ሦስተኛው ባልደረባችን። ክርክሩ መልክ የያዘው ያን ጊዜ ነው።

ሶልና ሮክ ወደ አገራችን የገቡት በብዙ በር ነው። አንዱ በር ሬድዮ ነበር። አስመራ በነበረው በአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሰፈር ለወታደሮቹ የተቋቋመ ሬድዮ ጣቢያ ነበረ፤ የሚያሰማውም የአገራቸውን ዘፈን ነው። ሞገድ ደግሞ አጥር አያውቅም። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ይዘፍን የነበረው ዓለማየሁ እሸቴ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ አበጥሮ፣ ድምፁን እንደ ጄምስ ብራውን አስጩሆ፣ በአማርኛ ሲዘፍን ሕዝቡ በመገረም ተቀበለው።

ዳሩ ግን ዘፈኑ ሸክላ ላይ እንዴት ወጣ? በ1948 በወጣ ትእዛዝ መሠረት ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ትእዛዙ ሳይሻር፣ በ1969 አምሓ እሸቴ የተባለ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ደፍሮ የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ዘፋኝ ዓለማየሁ ነበር። ሸክላው የታተመው ህንድ አገር ነው። የማን ደጅ ሊንኳኳ ነው ሲባል ማንም አልተያዘም፤ ሸክላው ግን ተሽጦ አለቀ። እስከ 1975 ባለው ጊዜ አምሓ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ አሳተመ። ከዚያ እሱም አገር ለቀቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሸክላው ዘመን አበቃና ካሴት ቦታውን ያዘ። አስቡት እንግዲህ! ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው፣ በሸክላ ሲቆጠር አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ይህን ስንነጋገር ሁለተኛዋ ባልደረባችን «ይሁን፤ ግን ይኼ የፈረንጅ ቅጂ አይደለም እንዴ? ልጆቹ የራሳቸውን ሳያውቁ?» ብላ ያዘችን። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ያገኘነው ከጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። ጌታቸው የአርበኛውን ሽለላ በሳክስፎን የነፋ ሰው ነው። መሣሪያው የፈረንጅ፣ ቁጣውና ፉከራው ግን የአያቶቻችን። ከአውሮፓ ምን ሆነ መሰላችሁ? በ1979 የተቋቋመ ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ የፓንክ ቡድን ይህን ድምፅ ሰማና በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው። በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ። ሰባ ዓመት የደረሰ ሽማግሌ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ከፓንክ ልጆች ጋር በአውሮፓ መድረክ ሸለለ! ጌታቸው በ2016 አርፏል። እንግዲህ ማን ነው የማን ቅጂ? መንገዱ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ልክ እንደ ሞጆ መንገድ፣ የጫነም ይመጣል፣ የጫነም ይሄዳል።

እዚህ ላይ ግን ደስታችንን የሚያጎድል ነገር አለ። ከእኛ ወጥተው የሄዱትን ብዙዎቹን ዘፈኖች መልሰን የሰማናቸው በሌላ ሰው ምርጫ ነው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 አዲስ አበባ ውስጥ በካይፋ ሸክላ ወጣ፤ በ1986 ደግሞ ቤልጅግ አገር እንደገና ታትሞ አውሮፓውያን ጉድ አሉ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የድሮውን ሸክላ እየሰበሰበ በተከታታይ ሲያሳትም ቆይቷል። ኃይሉ መርጊያን ውሰዱት። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሱ ዋሽንግተን ቀረና ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ይዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና ታተመ፤ ሰውዬውም ወደ መድረክ ተመለሰ። እኛ ምስጋናችንን አንነፍጋቸውም። ግን ካሴቱ የተገኘው ባሕር ዳር ነው እኮ! እዚያው ሱቅ በር ላይ ስንቶቻችን አልፈነው ሄደናል?

በማግስቱ ሻይ ቤት ከአንድ ሽማግሌ ሹፌር ጋር ተቀመጥን። ተሳቢያቸው ወረፋ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ለተማሪዎች የሚሆን ዘፈን ይምረጡልን» አልናቸው። ሳቁና «እኔን ተዉኝ ልጆቼ፤ የእኔ ካሴት ሁሉ በአዋሽ ሙቀት ቀልጧል» አሉን። ቆየት ብለው ግን አንድ ነገር ተናገሩ። «ዘፋኙንማ ሁሉም ያውቀዋል። ያን ሳክስፎን ማን ነፋው? ከበሮውን ማን መታው? ግጥሙስ የማን ነው? ስትከፍቱላቸው ስም ንገሯቸው። ስም ያልተጻፈበት ኮንቴይነር ባለቤት የለውም፤ እንደቆመ ይቀራል» አሉን።

ከዚህ በኋላ አሥር ዘፈን መምረጡን ተውነውና ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት የዘፋኙ፣ የባንዱና የዓመቱ ስም በሁለት ቋንቋ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይነገራል። ሁለተኛ፣ በቀን አንዱ ዘፈን ልጆቹ የጠየቁት ይሆናል፤ ሌላው ግን ማንም ያልጠየቀው። ሦስተኛ፣ አንድ ቋንቋ ብቻውን ሳምንቱን አይወስድም። ስለዚህ ከዓለማየሁ ቀጥሎ ዓሊ ቢራ መጣ። ድሬዳዋ ላይ አፍራን ቀሎ ከተባለው ቡድን ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ በክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል አልፎ፣ የኦሮምኛን ዘፈን በጊታርና በኦርኬስትራ ለትውልድ ያስተላለፈ ሰው ነው፤ በ2022 አረፈ። የእሱን ስም በኦሮምኛ ስናስተዋውቅ፣ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ የ5ኛ ክፍል ልጅ ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆሞ አብሮ ዘፈነ። አራተኛዋ ባልደረባችን ምንም አላለችም፤ ዞር ብላ አየችን እንጂ።

ሁሉም ተደሰተ አንልም። «የድሮ ነው፣ ቀይሩልን» ያሉ ብዙ ነበሩ። ሽለላው ሲመጣ ጆሯቸውን የያዙም ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ መስኮት ላይ መጥታ «መምህር፣ ያ ሳክስፎን የሚነፉት ሽማግሌ ዛሬ የሉም?» አለችን። ሌላ ልጅ ደግሞ ከአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ትንሽ ሸክላ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። ማጫወቻ በከተማው ብናፈላልግ አላገኘንም። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ሸክላውን ያዝንና መሐሉ ላይ ባለው ክብ ወረቀት የተጻፈውን ልጁ ራሱ በድምፅ ማጉያው አነበበው፤ የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርእስ፣ የአሳታሚውን ስም። ዘፈን አልነበረም፤ ንባብ ብቻ። ግቢው ግን ጸጥ ብሎ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገሩ ከዘፈን ያለፈ ነው ያልነው ለዚህ ነው። ሬድዮ ላይ የተቀመጠ ሰውና ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ መምህር ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ብዙ ጆሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ሁለቱም ይመርጣሉ። የሚጠየቁትን ብቻ ከሰጡ፣ ልጁ ከሚያውቀው አያልፍም። የራሳቸውን ምርጫ ብቻ ከጫኑ ደግሞ ልጁ ጆሮውን ይይዛል። የተጠየቀውን ሰጥቶ ያልተጠየቀውን መጨመር፣ የሠራውን ሰው ስም መጥራት፣ የልጁን ቋንቋ አለመዝለል፤ ይኸ ለሙዚቃም ለሒሳብም ይሠራል። ነገ ተመድበን ወደ መቂ፣ ወደ ወለንጪቲ፣ ወደ መተሐራ ስንሄድ ማጉያና ማይክሮፎን ይጠብቀን ይሆናል፤ ላይጠብቀንም ይችላል። ጆሮ ግን ይጠብቀናል።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ እርሳስም በክር አንጠልጥለናል። እባካችሁ እያንዳንዳችሁ ልጆች ሊሰሙት ይገባል የምትሉትን አንድ ዘፈን ጻፉበት። የዘፋኙን ስም ብቻ አይደለም፤ የምታውቁትን ያህል የባንዱን፣ የገጣሚውን፣ የዓመቱንም ጨምሩ። የማታውቁትን ለእናቶቻችሁና ለአባቶቻችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ሲሞላ ገልብጠን ሞጆ ለሚገኘው የሚኒ ሚዲያ ክበብ እንልከዋለን። እርሳሱን ግን አደራ፣ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።