ስሙ ያልተጠራ ልጅ

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሲከበር በሰፈራችን ደጃፍ ላይ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ቡና ይፈላል። አላፊ አግዳሚው ሳይዘግን አያልፍም፤ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው የለም። ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው ከእመቤታችን ልደት ነው። መስከረም ሲጠባ ግን በዚሁ ሰፈር ለልደት ማስረጃ ይጠየቃል።

ጎረቤቴ ከኤርትራ ድንበር ተሻግራ የመጣች እናት ናት፤ ልጇ ስምንት ዓመቱ ነው። ልታስመዘግበው በሄደችበት ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያና ከቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛ ተጠየቀች። ከሦስቱ አንዱም የላትም። በሌሊት ድንበር ለሚሻገር ሰው መሸኛ የሚጽፍለት ማን ነው? አንዲት ደግ መምህርት ግን «እስኪሟላ ይቀመጥ» አለችና ልጁ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

ፊደሉን ቆጥሯል፤ ማባዛትም ጀምሯል። ጠዋት ስም ሲጠራ ግን ሌሎቹ ተራ በተራ «አቤት» ሲሉ እርሱ ዝም ይላል። አንድ ማታ ደብተሩን እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ቲቸር የእኔን ስም መቼ ነው የምትጠራው?» አለኝ።

ሕጉ ይህን ልጅ አልገፋውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110፣ ዕውቅና ያገኘ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን እኩል እንዲስተናገድ ያዛል። ችግሩ ስደተኝነትም የሚረጋገጠው በወረቀት መሆኑ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ልጆች ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለች፤ የታይለር ከተማ ትምህርት ቤቶችም ከእነዚህ ልጆች በነፍስ ወከፍ 1,000 ዶላር ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን ሻረው። ሕፃን ወላጁ ባደረገው አይቀጣም የሚለው ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ ነበር።

በእኛም ዘንድ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ያልተመዘገበ ልጅ ከመጽሐፉም ከጠመኔውም ድርሻ የለውም፤ ከሌሎቹ ይቆረስለታል እንጂ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ጊዜም ያለ ምዝገባ አይፈተንም። ደግነት በበሩ አስገባው፤ መዝገብ ላይ ሊያሰፍረው ግን አልቻለም። መምህርቷ ነገ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ብትዛወር ያ ወንበር የማን ይሆናል?

«አቤት» የምንለው ሁለት ጊዜ ነው፦ ሲጠሩንና ሲበድሉን። ይህ ልጅ ፊተኛውን አላገኘም፤ ኋለኛውን ደግሞ የት ሄዶ እንደሚል አያውቅም። ስለ እርሱ አቤት ማለት ለእኛ ለጎረቤቶቹ ይቀረናል። የምንጠይቀውም ብዙ አይደለም፤ ስሙ አስቀድሞ ይመዝገብ፣ ወረቀቱ በኋላ ይድረስ።