ከአማን ቡና ሥር፦ የሚታየው ጥቂት፣ የተሰወረው ብዙ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ጅማንና ቦንጋን አልፈው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዙ አንድ ከተማ የሆኑትን ሚዛንንና አማንን ያገኛሉ። ከዚያ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይታያል። እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ዛፉን ያደንቃል፤ እርስዎ ግን ለዛሬ ጎንበስ ብለው መሬቱን ይመልከቱ።

እርጥቡን ቅጠል ገለጥ ቢያደርጉ እንደ ጥጥ ፈትል የነጣ ነገር ያያሉ። ይህ ፈንገስ ነው። ተክልም እንስሳም አይደለም፤ ራሱን የቻለ ወገን ነው። እንጉዳይና ሻጋታ፣ ሊጥዎን ኩፍ የሚያደርገው እርሾም ጭምር ዘመዳሞች ናቸው። እንጉዳይ ፍሬው ብቻ ነው፤ ዋናው አካል በአፈርና በእንጨት ውስጥ የተሰወረው ፈትል ነው።

ይህ ፈትል የወደቀውን ቅጠልና ግንድ አበስብሶ አፈር ያደርጋል። ሌላው ዓይነት ከቡናው ሥር ጋር ተቆራኝቶ ፎስፈረስ ያቀብላል፤ በምላሹ ቡናው የሠራውን ስኳር ይቀበላል። ምስጥም በኩይሳዋ ውስጥ ፈንገስ አልምታ ትመገባለች፤ በዝናብ ወራት ከኩይሳ ላይ የሚበቅለው ትልቅ እንጉዳይ የዚሁ ፍሬ ነው።

ከዚሁ ወገን ጠላትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። ሌላው ደግሞ በአረም ጊዜ ገጀራ ባቆሰለው ግንድ ገብቶ ዛፉን ያደርቃል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ፈንገሱ ግንዱ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ስለዚህ ገበሬው ዛፉን ነቅሎ እዚያው ማቃጠል አለበት። ዛፉ ደግሞ የልጆች ልብስና ደብተር ነው።

እናቶች ሆይ፣ ነገሩ ከማጀታችንም አይርቅም። ዳቦ ሲሻግት ላዩን ፍቆ ለልጅ መስጠት አይገባም፤ ፈትሉ ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ዘልቋል። በእርጥበት የሻገተ ኦቾሎኒና በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መቁላትም ፈጽሞ አያጠፋውም።

ከሜዳ የተለቀመ እንጉዳይማ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። ገዳዩ ከሚበላው ጋር ይመሳሰላል። ትል በላው ወይም ተቀቀለ ተብሎ አይታመንም። የአንዳንዱ መርዝ ምልክት ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይታያል። ትውከቱ ጋብ ቢልም ጉበት እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በእርግጠኝነት ያላወቁትን እንጉዳይ አይብሉ፤ ልጅ ከበላም ምልክት ሳይጠብቁ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ።