ባዶ እጁን ለሚመለስ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ኖርዌይ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመች። ጥገኝነት የተከለከሉ ወገኖቻችን እስከ ማርች 15 በፈቃዳቸው ከተመለሱ መቋቋሚያ ያገኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በግዳጅ ይመለሳሉ ተባለ። በዚያ ሰሞን አብሮን የሚዘምር አንድ ወንድም፣ “ገንዘቡስ ይሁን፤ እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?” አለኝ። ከፍርሃቱ ይልቅ እፍረቱ ከብዶት ነበር።

ኑኃሚንም ከሞዓብ ወደ ቤተ ልሔም ባዶዋን ተመልሳለች። እግዚአብሔር ግን አላፈረባትም፤ አብራት ከመጣችው ከሩት ዘር ዳዊት ተገኘ።

ወገኖቼ፣ መንግሥት ቀን ይቆርጣል፣ ትኬትም ይቆርጣል። ተመላሹን በክብር መቀበል ግን የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው። “ምን ይዘህ መጣህ?” ከማለታችን በፊት “እንኳን በሰላም መጣህ” እንበለው። መመለሱ ለሕይወቱ ለሚያሰጋውም እንጸልይ፤ እንቁምለትም። ጌታ ይርዳን፤ አሜን።